ልጓሙ የላላ ማዕድ፦ ገና፣ ጾምና ጤና

ገና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለብቻው ተነጥሎ የሚቆም ቀን ሳይሆን፣ ኅዳር 15 ተጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 28 የሚዘልቀው የነቢያት ጾም ማሰሪያ ነው፤ ስለዚህም በበዓሉ ሰሞን ስለሚታወከው ጤናም ሆነ ስለሚናፈቀው ዕረፍት የሚደረግ ምርመራ መነሻውን ከማዕዱ ሳይሆን ከጾሙ ማድረግ ይኖርበታል። ከስድስት ሳምንት በላይ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ያልነካ፣ ከዚያም አልፎ ብዙውን ቀን እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ የዋለ ሰውነት፣ ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ ቆሞ ካደረ በኋላ ገና ጎህ ሳይቀድ ቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ ይቀርብለታል፤ ረፋዱ ላይ ጥሬ ሥጋው፣ ከሰዓት በኋላ ጠላውና ጠጁ፣ ማታ ደግሞ የጎረቤት ግብዣው ይከተላል። በሌላው ዓለም ስለ ገና ሰሞን ጤና የሚጻፈው ምክር በአመዛኙ ለሳምንታት ሳያቋርጥ የሚበላን ሰው የሚመለከት በመሆኑ፣ ከረጅም መታቀብ ወደ ጥጋብ በአንዲት ሌሊት የሚሻገረውን ጾመኛ እምብዛም አይጠቅመውም።

ይሁንና ይህ ድንገተኛነት የበዓሉ የተፈጥሮ ባሕርይ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ነባሩ የገና አከባበር ማዕዱን የሚገቱ ልጓሞች ነበሩትና። አንድ ሰንጋ ለብዙ አባወራ የሚከፋፈልበት ቅርጫ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰውን ሥጋ በመደብ ይወስነው ነበር። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ እንደ ወትሮው ስለሚጾሙ ፍስኩ ሳይቋረጥ የሚዘልቀው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ከ12 ቀን በኋላ የሚመጣው ጥምቀትም በዋዜማው ገሃድ፣ ማለትም የበዓሉን ዋዜማ መጾም የሚያዝ ሥርዓት አለው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎልማሳውና ወጣቱ ሜዳ ወጥቶ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዞ ሩሯን፣ ማለትም የገና ጨዋታን ኳስ፣ ሲያሳድድ ይውል ነበር፤ ጌታና ሎሌ እኩል የሚጋፉበት ይህ ጨዋታ ማኅበራዊ ትርጉሙ ብዙ ጊዜ የተጻፈለት ቢሆንም፣ የጠዋቱን ማዕድ በላብ የሚያወጣ የአካል እንቅስቃሴ እንደ ነበር ግን እምብዛም አይነሣም። የዛሬው ከተሜ በዓል ማዕዱን እንዳለ ይዞ ልጓሞቹን አንድ በአንድ አላልቷል። ሜዳው በሕንፃ ተይዟል፤ ጨዋታው በቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅት ተተክቷል፤ ቅርጫው ቢኖርም ማቀዝቀዣው የመደቡን ሥጋ ለሳምንት ያቆየዋል። ነባሩን በዓል እንከን የለሽ አድርጎ ማቅረብም አይገባም፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው ኮሶ የዚያው ማዕድ ልጅ ነበርና፤ ነገር ግን የገና ሰሞን ሕመሞች ሲመረመሩ የብዙዎቹ ምንጭ ምግቡ ራሱ ሳይሆን የልጓሞቹ መላላት ሆኖ ይገኛል።

የሌሊቱ ጾም ፍቺ መጀመሪያ የሚፈትነው የሐሞት ከረጢትን ነው። ሐሞት ጉበት የሚያመነጨውና ስብ እንዲፈጭ የሚረዳ ፈሳሽ ሲሆን፣ ከረጢቱ ደግሞ በጉበት ሥር ተለጥፎ ይህንኑ ፈሳሽ የሚያከማችና የሚያወፍር ትንሽ ብልት ነው። ስብ ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ከአንጀቱ ግድግዳ የሚመነጭ ሆርሞን ከረጢቱ እንዲኮማተር ያዘዋል፤ በከረጢቱ ውስጥ ጠጠር ያለበት ሰው፣ ጠጠር እንዳለበት ከዚያ በፊት ባያውቅም እንኳ፣ ከረጢቱ በኃይል ሲኮማተር ጠጠሩ መውጫውን ሊዘጋበትና በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ተነሥቶ እስከ ቀኝ ትከሻ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመም ሊያስከትልበት ይችላል። ይህ ሕመም በየቤቱ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» እየተባለ ይታለፋል። እዚህ ላይ ከዶሮው በፊት ተልባ የመጠጣት ልማድ በብዙ ቤት የሚገኝ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ተልባ በውኃ ሲበጠበጥ የሚያወጣው የሚያዳልጥ ንጥረ ነገር በውኃ የሚሟሟ አሰር በመሆኑ ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ አንጀትንም ያለሰልሳል። «ሆድ ማለስለሻ» የሚለው የእናቶች አነጋገር ከሥነ ምግብ ዕውቀት ጋር የማይጣላ ሲሆን፣ ከተልባው በኋላ ጥቂት ዶሮ በብዙ እንጀራ በልቶ ሥጋውን ለከሰዓት ማቆየት ለአብዛኛው ጾመኛ የሚበቃ ጥንቃቄ ነው።

ጨጓራን በተመለከተ ጥፋቱ ሁሉ ለበርበሬ መሰጠቱ ትክክል አይደለም። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1982 ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ በጨጓራ ውስጥ አግኝተው የአብዛኛው የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስል መነሻ እሱ መሆኑን በማሳየታቸው በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከባክቴሪያው ቀጥሎ ተጠያቂ የሚሆኑት እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው፤ በበዓል ማግስት ለራስ ምታት ተብለው በባዶ ሆድ ወይም በመጠጥ ላይ የሚዋጡትም ብዙውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው። በርበሬ የቆሰለውን ሊያቃጥል ይችላል እንጂ አያቆስልም፤ ስለዚህ በየበዓሉ ጨጓራው የሚነሣበት ሰው መፍትሔው ወጡን አልጫ ማድረግ ሳይሆን ተመርምሮ ባክቴሪያው ከተገኘበት በመድኃኒት ማጥፋት ነው።

ጥሬ ሥጋ የበዓሉ ዋነኛ ክብር ስለሆነ በእሱ ላይ የሚነገር የጤና ቃል ሁሉ ጆሮ ለማግኘት ይቸገራል። ከዚህ የተነሣ ጉዳዩን በስብከት ሳይሆን በአሠራሩ ማስረዳት ይሻላል። የኮሶ ትል በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖርና ርዝመቱ በርካታ ሜትር የሚደርስ ጥገኛ ሲሆን፣ እንቁላሎቹ ከሰው ዐይነ ምድር ጋር ወጥተው በግጦሽ ላይ ሲወድቁ ከብቱ አብሮ ይግጣቸዋል፤ በከብቱ ጡንቻ ውስጥም የሩዝ ፍሬ ያህል የሆኑ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች ሆነው ይቀመጣሉ። ሰው ይህን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ ትሉ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ለአቅመ መራባት ይደርሳል፤ በሌላ አነጋገር የገና ቁርጥ ያመጣው ኮሶ ራሱን የሚያሳየው በዐቢይ ጾም ነውና ጾመኛው ከበዓሉ ጋር ሊያያይዘው አይችልም። በቄራ የሚደረገው ምርመራ የመንጋጋን፣ የምላስንና የልብን ጡንቻ በቢላ እየሰነጠቁ ማየት በመሆኑ በርከት ያለውን ይይዛል እንጂ ጥቂቱን ሁልጊዜ አያገኝም፤ በግቢ ውስጥ የታረደ የቅርጫ በሬ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይህም ምርመራ አይደርሰውም። እሳትና ብርድ ግን ሁለቱም ይሠራሉ፦ መካከሉ ድረስ በሚገባ የበሰለ ሥጋ ከትሉ ነጻ ነው፤ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ10 ቀን የቀዘቀዘ ሥጋም እንዲሁ። ሁለተኛው አማራጭ ጥሬ ሥጋን ጨርሶ መተው ለማይሆንለት ሰው የተሻለ መላ ሲሆን፣ ጥንቃቄው ግን በኮሶ ላይ ብቻ የተወሰነ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብርድ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎችን ከመራባት ያግዳቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። ቀድሞ ሰው በየጥቂት ወራቱ ይጠጣው የነበረው የኮሶ አበባ ዛሬ በጤና ጣቢያ በሚሰጥ ፍቱን እንክብል ተተክቷል፤ መጠኑ ሲበዛ የዐይን ብርሃንን እስከ መጉዳት የሚደርሰውን የዛፉን መድኃኒት ዛሬም መሞከር ምክንያት የለውም።

ከሥጋው ጋር የሚነሣው ሌላው በሽታ ሪህ ነው። ሪህ ዩሪክ አሲድ የተባለው ዝቃጭ በደም ውስጥ ሲበዛ እንደ መርፌ የሾሉ ፍሬዎች ሠርቶ በመገጣጠሚያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግር አውራ ጣት ላይ ሲከማች የሚከሰት ብግነት ነው። ይህን ዝቃጭ ከሚያበዙት ምግቦች መካከል ከጉበት፣ ከጨጓራና ከመሰል የሆድ ዕቃ የሚሠራው ዱለት ግንባር ቀደም ሲሆን፣ ቢራ በበኩሉ ዝቃጩን ጨምሮ ኩላሊት እንዳያስወጣው ያደርጋል፤ ስለዚህ በዱለት ላይ ቢራ የደረበ የሪህ ታማሚ ሌሊቱን በእግሩ ሕመም ቢነቃ የሚያስገርም አይሆንም። የውፍረት ጉዳይ በአንጻሩ በዚህ በዓል ላይ የሚገባውን ያህል ብቻ ቢነሣ በቂ ነው። በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት ከኅዳር እስከ ጥር በሚዘልቀው የበዓላት ወቅት ሰዎች የሚጨምሩት ክብደት በአማካይ 0.37 ኪሎ ግራም ያህል መሆኑን አሳይቷል፤ ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ከዚህ እጅግ የበዛ የጨመሩ መስሏቸው ነበር። ስድስት ሳምንት ጾሞ ለሚፈታ ሰው የአንድ ቀን ማዕድ በክብደቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

መጠጥና ልብ ግን የሚያስጨንቅ ዝምድና አላቸው። ፊሊፕ ኤቲንገር የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከዚያ በፊት የልብ ሕመም የማይታወቅባቸው ሰዎች በበዓልና በሰንበት ብዙ ከጠጡ በኋላ ልባቸው ሥርዓት ባጣ ምት እየተርገበገበ ወደ ሐኪም ቤት መምጣታቸውን መዝግበው ክስተቱን «የበዓል ልብ» ብለው ሰይመውታል። በኢትዮጵያ ሁኔታ ይህ አደጋ ሌሊት ባልተኛ፣ ለሳምንታት ከመጠጥ በራቀና ጨው የበዛበት ወጥ በበላ ሰው ላይ መድረሱ ያከብደዋል። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ብዙዎች «ዛሬ ስለምጠጣ አልውጠውም» በማለት እንክብሉን መዝለላቸው ደግሞ ከመጠጡ የባሰ ጥፋት ነው። በጾሙ ወቅት የመድኃኒታቸው ሰዓትና መጠን የተቀየረላቸው ታማሚዎችም ከበዓሉ በፊት ሐኪማቸውን ስለ ፍስኩ ጭምር ቢጠይቁ ይጠቀማሉ።

ስለ ገና ሰሞን አደጋ ሲወራ ከሁሉ ያነሰ ቃል የሚነገርለት፣ ምናልባትም ከሁሉ የበለጠ ሊነገርለት የሚገባው፣ ከሰል ነው። ታኅሣሥና ጥር በደጋው አገር ሰማዩ የጠራበት፣ ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበት ወቅት ነው። ዶሮው የበሰለበት፣ ቡናው የተፈላበት ማንደጃ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ «አሁን አይጎዳም» ተብሎ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ስንጥቁም በጨርቅ ይደፈናል። አደገኛው ሰዓት ግን ያ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው፣ ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚፈጠር ጋዝ ሲሆን፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። የጭስ መጥፋት የጋዙን መጥፋት አያመለክትም። የመመረዝ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ስለሆኑ በበዓል ሌሊት ስካር ወይም ድካም ይመስላሉ፤ ጠጥቶ የተኛ ሰው ደግሞ ለመንቃት ዕድሉ አነስተኛ ነው። አንድ ቤተሰብ በአንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ራሱን ካመመው መጠርጠር ያለበት ጠጁ ሳይሆን ማንደጃው ነው፤ ልጆች አልጠጡምና።

በዚህ ሁሉ መካከል ዕረፍት የሚባለው ነገር የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዓሉ ለእንግዳውና ለአባወራው ዕረፍት የሚሆነው ሌላ ሰው ስለማያርፍ ነው። ዶሮው በ12 ብልት እስኪወጣ፣ በጨውና በሎሚ ደጋግሞ እስኪታጠብ፣ በኪሎ የሚቆጠር ሽንኩርት ተከትፎ ያለ ዘይት በዝግታ እስኪቁላላ፣ ዳቦው እስኪደፋና ጠላው እስኪጠለል ድረስ የቤቱ እመቤትና የቤት ሠራተኛዋ ከበዓሉ በፊት ያሉትን ሁለትና ሦስት ሌሊቶች በቁማቸው ያሳልፋሉ፤ በበዓሉ ቀንም ሲያሳልፉ ውለው የሚበሉት ሁሉም ከበላ በኋላ ነው። የዶሮ አስተጣጠቡ ራሱ ከጤና አንጻር የሚታይ ነው፦ የጥሬ ዶሮ እጣቢ በሚረጭበት ሁሉ ሳልሞኔላና ካምፓይሎባክተር የተባሉ የሆድ ሕመም የሚያስከትሉ ባክቴሪያዎችን ይዞ ይሄዳል፤ ማጠቡን መተው በኢትዮጵያ ቤት የሚታሰብ ስላልሆነ በሰፊ ሳፋ፣ ከሰላጣና ከእንጀራ ርቆ ማጠብና ቦታውን ወዲያው በበረኪና ማጽዳት ተግባራዊው ምክር ነው። ሽንኩርት መላጥ፣ ሳፋ ማጠብና እንግዳ ማስተናገድ ለወንድ የማይከብዱ ሥራዎች ሲሆኑ፣ ስለ በዓል ጭንቀት የሚሰጠው የትኛውም የሥነ ልቦና ምክር የዚህን የሥራ ክፍፍል ያህል ውጤት አያመጣም።

የገንዘቡ ጭንቀት ከሥራው ጭንቀት አይለይም። ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ሽንኩርት ዋጋቸው የሚንረው በአንድ ሳምንት ስለሆነ፣ በበዓሉ ዋዜማ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ለይሉኝታውም ጭምር ነው፤ ብድሩ ደግሞ ከጥምቀት በኋላም አብሮት ይከርማል። ሽንኩርቱንና ቅቤውን ቀደም ብሎ መግዛት፣ አንዱን ዶሮ ከወላጅ ቤት ጋር ተካፍሎ መሥራት፣ ሁሉም ቤት ሁሉንም ከሚያዘጋጅ በየተራ መጋበዝ ነባሩን የቅርጫ መንፈስ ወደ ማጀት የሚመልሱ መንገዶች ናቸው። በዚያ ዓመት ሰው የሞተበት ቤት ግን ከዚህ ሁሉ ስሌት ውጭ ነው፤ ለእሱ የመጀመሪያው ገና ከባድ ነውና ጎረቤት ምግብ ይዞ ገብቶ አብሮት መቀመጡ ከየትኛውም የመዝናኛ ምክር ይልቃል።

እንቅልፍም ከገንዘቡ ባላነሰ ይጎድላል። በላሊበላ የቅዱሱ ንጉሥ የላሊበላ ልደት ከገና ጋር በአንድ ቀን ስለሚከበር ከየአገሩ በእግር የተመመው ምእመን ውጪ አድሮ ቤዛ ኵሉ የተባለው መዝሙር ሲዘመር ያነጋል፤ በከተማውም ሌሊቱን የቆመው ብዙ ነው። ድሩ ዶውሰንና ካትሪን ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት እንዳሳዩት፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል፤ ይህ መጠን በበርካታ አገሮች መኪና ለመንዳት የሚከለክል ነው። ከቅዳሴ ወጥቶ ወዲያው ወደ ክፍለ ሀገር መሪ የሚጨብጥ ሰው አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ ከጠጣው ጋር እኩል ነው ማለት ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩት ጾመኞች መልኩ ይለወጣል። በሰሜን አሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ ዲሴምበር 25 የሚውለው ታኅሣሥ 16፣ ማለትም ጾሙ ገና ሳይፈታ በመሆኑ፣ የመሥሪያ ቤቱ ግብዣ፣ የልጆቹ ዕረፍትና የከተማው ብርሃን ሁሉ ያልፍና ጃንዋሪ 7 እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ይመጣል። ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ያደረ ወላጅ ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ ይገባል፤ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራዋ ደግሞ ያንንም አታገኝም። ለእነዚህ ሰዎች ዕረፍት ማለት ዓመታዊ ፈቃድን ለዲሴምበር 25 ሳይሆን ለጃንዋሪ 7 ወይም ለማግስቱ ማስቀመጥ ነው፤ ፈቃድ ማግኘት ለማይችለው ግን ማኅበረሰቡ በቀጣዩ ሰንበት የሚያዘጋጀው የጋራ ማዕድ ምትክ ይሆነዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ሕመም በበዓል ቀን ሲመጣ የሚደርስበት መዘግየት ነው። በስዊድን ከ1998 እስከ 2013 በነበሩት ዓመታት በተመዘገቡ ከ283,000 በላይ ድንገተኛ የልብ ሕመሞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርስ ሥር ተደፍኖ የሚመጣው ይህ ሕመም በገና ዋዜማ ከሌላው ጊዜ በ37 በመቶ እንደሚጨምርና ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ እንደሚበረታ፣ ከ75 ዓመት በላይ በሆኑና ስኳር ወይም የቆየ የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይም እንደሚጠነክር አሳይቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የዴቪድ ፊሊፕስ ጥናትም በገናና በአዲስ ዓመት ሰሞን በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው እንደሚበዛ አሳይቶ፣ ሰዎች ከበዓሉ ላለመለየት ሕክምና ማዘግየታቸውን ሊሆኑ ከሚችሉት ምክንያቶች መካከል ቆጥሯል። ይህ ምክንያት ለኢትዮጵያ ባዳ አይደለም፤ ደረቱን የጨመደደው አባት «ሥጋው ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ወተት ሲሰጠው፣ እሱም እንግዳ ላለማወክ ዝም ሲል ሰዓታት ይባክናሉ። ከጥቂት ደቂቃ በላይ የቆየ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድና ላብ ያለበት የደረት ሕመም፣ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የአንደበት መያዝ የታየበት ሰው ማግስቱን መጠበቅ የለበትም። የድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች በበዓልም ክፍት ናቸው፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ የሚጠራበት ቁጥርም 907 ነው።